እናቴ ለወንድሜ «እሺ»፣ ለእኔ «ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ትላለች

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ከእናቴና ከ13 ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። አባታችን በሕይወት የለም። እማዬ 70 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ጠንካራ ናት። አባታችን አጋሮ አካባቢ ትንሽ የቡና ማሳ ትቶልን ነበር። በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እሸቱ ተለቅሞ ይመጣል። ግቢያችን ውስጥ አስጥታ ጀንፈሉን የምታገላብጠው እሷ ናት። ሌላ ሰው ሲነካው ደስ አይላትም።

ታናሽ ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው የሚኖረው። ልጆቹ 8 እና 5 ዓመታቸው ነው። ትልቁን እማዬ ያየችው ገና ሕፃን ሳለ ይዘውት ሲመጡ ነው። ትንሿን በአካል አይታት አታውቅም። ዘንድሮ ወንድሜ «የበዓሉን ሰሞን እማዬ እኛ ጋ ታሳልፍ» ብሎ ሂደቱን ጀምሯል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ነው ያሰበው።

እማዬ እሱ ሲደውል «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ካለ» ትለዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞራ «በዚህ ብርድ፣ በፆም፣ ቡናዬን ጥዬ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ትላለች። ይህን ስነግረው «አንቺ ነሽ የምታስቀሪያት» አለኝ። ተጣላን። «አንቺ ሁሌ አብረሻት ነሽ፣ ለእኔ አንድ በዓል አይገባኝም?» አለ። እኔም «ሁሌ አብሬያት ያለሁት አንተ ስለሄድክ ነው» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ የምንጻጻፈው ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አምና በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ በቪዲዮ ደውለው ልጆቹ ስጦታ ሲከፍቱ አሳዩን። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ ነበር። እማዬ «ፆም አይደለም እንዴ?» አለች። የወንድሜ ሚስት ደንግጣ ስልኩን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እማዬ ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም፤ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

እውነቱን ልናገርና እኔም እንድትሄድ አልፈልግም። ገናን ያለ እሷ አሳልፌው አላውቅም። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ከጥር ጀምሮ ሥራ ልትገባ ነው። እማዬን ልጅ ጠባቂ አድርገው እዚያው እንዳያስቀሯት እፈራለሁ። እንዲህ ማሰቤ ክፉ ያደርገኛል? ላስኪዳት ወይስ ላስቀራት?

የቤቷ ልጅ፣ ከጅማ

እህቴ፣

ክፉ አያደርግሽም። እናቱን ከዓይኑ ማራቅ የከበደው ሰው ክፉ አይባልም። «ብርዱ ይጎዳታል» ብለሽ ብቻ ልትሸፍኚው ትችይ ነበር። አልሸፈንሽውም፤ በዚህ ላይ መነጋገር የምንችለውም ለዚህ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የጻፍሽልኝ፣ ለወንድምሽ የተሰጠው «እሺ» ይሉኝታ፣ ለአንቺ የተሰጠው መልስ ደግሞ የልባቸው እንደሆነ አድርገሽ ነው። እርግጠኛ ነሽ? እኔ አይደለሁም። ትንሿን የልጅ ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ አቅፈው አያውቁም። «እሺ» ያሉት ከልባቸው ቢሆንስ? «ምን ልሠራ እሄዳለሁ» የሚሉሽስ ፊትሽ ሲጠቁር አይተው ቢሆንስ? እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ መስማት የሚፈልገውን ሰጥተው እነሱ መሃል ላይ ይጨነቃሉ። የእናትሽን ልብ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። ግን አንቺም ወንድምሽም የያዛችሁት ለየራሳችሁ የተሰጣችሁን መልስ ነው። ሁለታችሁ ባላችሁበት አልተጠየቁም።

ስለዚህ ውሳኔው የማስኬድና የማስቀረት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ ደፍነሽ አትጠይቂያቸው። እንዲህ ለሚል ጥያቄ «እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ» ይሉሻል፣ አለቀ። በርከት አድርገሽ፣ በትንሽ በትንሹ ጠይቂያቸው። አውሮፕላኑ ነው የሚያስፈራሽ? ብርዱ? ቡናው? እዚያ ሄደሽ ቀን ቀን ብቻሽን ቤት መቀመጡ? አንዳንዱን «ኧረ እሱስ ምንም አይደለም» ይሉታል። አንዱ ላይ ግን ዝም ይላሉ። እዚያ ላይ ቆዪ።

በእድሜ የገፉ እናቶቻችን ጮክ ብለው የማይናገሩት አንድ ፍርሃት አለ፤ «እዚያ ብሞትስ?» የሚል። ዕድራቸው እዚህ ነው። የባላቸው መቃብር እዚህ ነው። ይህ ከሆነ ያስጨነቃቸው፣ «ሟርት አታውሪ» ብለሽ አትዝጊው። ጀርመን ለሚያስገባው የሼንገን ቪዛ የግድ የሚገዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው ነው። ድንገተኛ ሕክምናን ብቻ ሳይሆን፣ አያድርገውና ሞት ቢመጣ አስከሬን ወደ አገር መመለስንም ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ነገር ቁርጡን መስማት ብዙ አዛውንት ያረጋጋል። ከፈለግሽ ደግሞ ቡና አጣጫቸው የሆኑትን ጎረቤት ጠይቂ። ጅማ ውስጥ የቤት ምስጢር ከልጅ ይልቅ ጎረቤት ጋ ነው የሚገኘው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የተናገረው አናዶሻል፣ እኔንም ትንሽ አናዶኛል፤ እመለስበታለሁ። ግን ለምን በዚህ ሰሞን ላይ ሙጭጭ እንዳለ እንይለት። በታኅሣሥ ኮሎኝ የሚነጋው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ የሚመሸው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ። በረዶ ቢዘንብ እንኳ ልጆቹ ይጫወቱበት ነበር፤ ኮሎኝ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካፊያና ጭጋግ ነው። የእኛ ታኅሣሥ እኮ ፀሐይ ነው፣ ቡና የሚደርቅበት። ዲሴምበር 24፣ በእኛ ታኅሣሥ 15፣ ሱቆች ቢዘገዩ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሰው ሁሉ ወደ እናት አባቱ ቤት ይገባል። 25 እና 26ም በዓል ነው። መንገዱ ጭር ይላል። የልጁ የክፍል ጓደኞች «እኛ አያቴ ጋ ነን» እያሉ ነው ያን ሳምንት የሚያሳልፉት። የእሱ ልጆች ከአራት ግድግዳ ጋር ይቀራሉ። ወንድምሽ «አንድ በዓል አይገባኝም?» ያለው ከዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ይመስለኛል።

«ታዲያ እሱ ለምን ለገና አይመጣም?» ብለሽ ሳታስቢ አልቀረሽም። ኮሎኝ ባለችበት ክፍለ ግዛት የትምህርት ቤቶች የገና እረፍት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ጃንዋሪ 6 አካባቢ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው ትምህርት ቤት የሚመለሱበት ቀንና እናንተ ፆም የምትፈቱበት ቀን ይገጥማሉ። እዚያ ደግሞ ልጅን ያለ ፈቃድ እረፍቱን አስረዝሞ ከትምህርት ቤት ማስቀረት በገንዘብ ያስቀጣል። ለገና ጅማ መምጣት ቲኬት ከመቁረጥ በላይ ጣጣ አለው። ይህን አስረድቶሽ ያውቃል? ወይስ «አይመቸንም» ብሎ አለፈው?

አሁን ወደ ንዴቱ። «አንቺ ሁሌ አብረሻት ነሽ» ማለት፣ አብሮ መሆኑን እንደ ጥቅም ብቻ መቁጠር ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ሲያልቅ የሚሮጠው ማነው? ሌሊት ሲያማቸው የሚነቃው? ለቅሶ ሲኖር ይዟቸው የሚሄደው? ይህን ወንድምሽ ሊያውቀው ይገባል። ሊያውቀው የሚችለው ግን ስትነግሪው ነው፤ በጭቅጭቅ መሃል ሳይሆን በሌላ ቀን። «ሁሌ አብሬያት ያለሁት አንተ ስለሄድክ ነው» የሚለው አባባልሽ ውስጥ እውነት አለ። ለጆሮው ግን «ለምን ሄድክ» ሆኖ ነው የሚገባው። ለማለት የፈለግሽው «ደክሞኛል» ከሆነ ይህንኑ በዪው።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። አንቺንስ የጋበዘሽ አለ? እናትሽ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ረጅም በረራ ብቻቸውን እንዲያደርጉ ሲታሰብ፣ «አብረሻት ነይ፣ ሁለት ሳምንት አርፈሽ ተመለሺ» ያለሽ አለ? የልጅሽ ትምህርት፣ ሥራሽ፣ ወጪው፣ የቪዛው ነገር ሲደመር ላይሆን ይችላል። ለአንቺ ቪዛ ማግኘት ከእሳቸው ሊከብድም ይችላል። ግን አለመጠየቅሽ ራሱ ሆድ ሳያስብስሽ የቀረ አይመስለኝም።

ስለ ልጅ ጠባቂነቱ ሥጋትሽ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ቤት የሆነ ነገር ነው። ከጀርባ ከምታሚው ግን ፊት ለፊት ጠይቂው፦ «እማዬ እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው ወይስ ሚስትህ ሥራ ስትገባ ልጆቹን ልትይዝ?» መልሱ ሁለተኛው ቢሆን እንኳ ነውር የለበትም፤ እሳቸው አውቀው ከተስማሙ። ነውሩ አብስለው ከጨረሱ በኋላ መንገሩ ላይ ነው። የአጭር ጊዜ ቪዛ ደግሞ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። የመመለሻው ቀን ከወዲሁ ይቆረጥ፤ እናትሽም ቀኑን ይወቁት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ የአውሮፓን ብርድ ወራት አልመርጥላቸውም ነበር። ጀርመን ውስጥ የበጋው እረፍት 6 ሳምንት ገደማ ነው። ወሩ ከዓመት ዓመት ትንሽ ይዋዥቃል፤ ብዙ ጊዜ ሐምሌን ይነካል። ያኔ ኮሎኝ ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ብርሃን ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ጅማ ላይ ዝናብ ነው፣ የሚገላበጥ ጀንፈል የለም። የሰኔ ፆም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ መሃሉ ለአያትና ለልጅ ልጆች አንድ ማዕድ ላይ ለመቀመጥ ይመቻል። እናትሽን ከመሰሉ ሰዎች ጋር ፆም ያልገባበት ወር ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህቺን ቀዳዳ አትናቋት።

ግን ይህን ለወንድምሽ «በብርዱ አትመጣም፣ በሐምሌ ውሰዳት» ብለሽ ብትልኪለት የተረታ ነው የሚመስለው። እሱ የጨነቀው በታኅሣሥ ነው። ለታኅሣሡም አንድ ነገር ያስፈልገዋል። በክረምት ሰዓት አቆጣጠራቸው ኮሎኝ ከእኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በገና ዕለት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ እዚያ የጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ጅማ ላይ 3 ሰዓት ነው። እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ዶሮው ቀርቧል። ያን ሰዓት የእነሱ አድርጉት። ልጆቹ ማታውኑ የአበሻ ልብሳቸውን አውጥተው ይደሩ። ዛፋቸውንም ብዙ ጀርመኖች እስከ ጃንዋሪ 6 ድረስ ነው የሚያቆዩት፤ እነሱ አንድ ቀን ጨምረው ያቆዩት።

ስለ አምናው ዶሮ ብዙ አልልም። የወንድምሽ ሚስት ስልኩን ማዞሯ ማፈሯን ነው የሚያሳየው፤ ንቀት ቢሆን ኖሮ አትደነግጥም ነበር። እኔን ያሳሰበኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በጉዳዩ ተነጋግረዋል ወይ የሚለው ነው። ያልተነጋገሩ ከሆነና እናትሽ በፆም እዚያ ቤት ከገቡ፣ ምራት ድስት በጣደች ቁጥር ልትሳቀቅ ነው። ልጅቷ ራሷ ደውላ «እማማ፣ እርስዎ ሲመጡ ምን ልሥራልዎት?» ብትላቸው ይበቃል። ሽሮውንና በርበሬውን ከዚህ ይወስዳሉ፤ ያ ከተማ ውስጥ የፆም ምግብ ችግር አይደለም። ልጆቹ በ24 ማታ ስጦታቸውን ይክፈቱ፤ የሚያድጉት እዚያ ነው፣ ከጓደኞቻቸው አይነጠሉ። ሥጋውን ለገና ማቆየት ግን ወላጆቹ ከፈለጉ የሚችሉት ነገር ነው። ይህን እነሱ ይወስኑ፤ አንቺ አትግቢበት።

እናትሽ ሁሉን ሰምተው «የለም፣ ልሂድ፣ ገናን እነሱ ጋ ላክብር» ካሉስ? በሙሉ ልብ አስኪጃቸው። ያኔ ጊዜ አታባክኑ። የቪዛው ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረው ግን አይሆንም። መልሱ 15 ቀን ይወስዳል ይባላል፣ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። የጣት አሻራ ለመስጠት ራሳቸው አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው። ቪዛው ሊከለከልም ይችላል፤ ስለዚህ ልጆቹ «አያቴ ትመጣለች» እየተባሉ ቀን እንዳይቆጥሩ ወንድምሽን አስጠንቅቂው። ቲኬት ሲቆረጥ የዊልቸር አገልግሎት ይጠየቅላቸው። መራመድ አቅቷቸው አይደለም፤ ቋንቋ የማያውቁ እናት ፍራንክፈርት ላይ ከአውሮፕላን በር ተቀብሎ እስከ መውጫው የሚያደርሳቸው ሰው ያገኛሉ። ከዚያ ኮሎኝ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መድኃኒታቸው ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን። ቅቤ አታሲዟቸው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የወተትም የሥጋም ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፣ ይወረሳል። ማር ግን ለራስ ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የጅማ ማር ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ሄደ አይባልም።

ቡናው ያሳሰባቸው ከሆነ፣ የዘንድሮውን እሸቱን እንዳለ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ መሸጥ ይቻላል፤ ማድረቅ የለ፣ ማገላበጥ የለ። ካልሆነም አንቺና ልጅሽ ታደርቁታላችሁ። በየጠዋቱ በቪዲዮ ደውለው «ያኛውን ጥግ አላገላበጥሽውም» ማለታቸው አይቀርም፤ ቻይው።

ወንድምሽ ነግሯቸው እንደሆነ እንጃ እንጂ ኮሎኝ ውስጥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የከተማዋ ትልቁ ካቴድራል ውስጥ ደግሞ የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ የሚታመን በወርቅ የተለበጠ ሣጥን አለ። አፅሙ ከሚላን ወደዚያ የመጣው በ1164 ነው ይባላል። ስለ ብርዱና ስለ ቪዛው ሲወራ ይህን የሚነግራቸው ሰው ሳይጠፋ አልቀረም። እስቲ ንገሪያቸውና ፊታቸውን እዪ። የመሄድ ፍላጎታቸውን ከዚያ ልታነቢ ትችያለሽ።

በቅድሚያ ግን ከወንድምሽ ጋር ታረቂ። ረጅም ነገር አትጻፊ። እንዲህ ብትዪውስ፦

«ያን ቀን ስልኩን ስዘጋብህ ተናድጄ ነበር። እማዬን እየከለከልኳት አይደለም። ግን ለአንተ እሺ፣ ለእኔ እምቢ እያለች ነው፤ ምናልባት ሁለታችንንም ፈርታ ይሆናል። እሁድ ከሰዓት ሦስታችን በቪዲዮ እንነጋገር። ‹የፈለግሽውን ብትወስኚ ማናችንም አናዝንም› ብለን አብረን እንንገራት። ከዚያ በፊት የቪዛ ቀጠሮ አታስይዝ። ለብቻህ የምነግርህ የራሴም ነገር አለኝ፣ ደክሞኛል።»

ቅዳሜ ማታ ላኪለት። በሥራ ቀን ከላክሽው በባቡር ውስጥ ቆሞ አንብቦ «እሺ» ብሎ ነው የሚመልስልሽ።